ያውቁ ኖሯል? የስኮትላንድ ስኮን፣ የዘጌ ቡናና የእኛ አሌክሳንድሪያ

ብዙዎቻችን ልጅ የምናሳድግባት፣ ታክሲ የምንነዳባትና እንጀራ የምንገዛባት የዋሽንግተን ጎረቤት አሌክሳንድሪያ የስኮትላንድ ሰዎች እጅ ያለባት ከተማ መሆኗን ያውቁ ኖሯል? በ1749 በፖቶማክ ወንዝ ዳር ስትቆረቆር ስሟን የወረሰችው የመሬቱ ባለቤቶች ከነበሩት ከአሌክሳንደር ቤተሰብ ነው። ከመሥራቾቿ መካከል ጆን ካርላይልና ዊልያም ራምሴ የስኮትላንድ ተወላጆች ነበሩ። ካርላይል በ1753 ያስጨረሰው የድንጋይ ቤት ዛሬም በኖርዝ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቆሞ ይጎበኛል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

ከአሌክሳንድሪያ እህት ከተሞች አንዷ የስኮትላንዷ ዳንዲ ናት፤ በብርቱካን ማርማላታዋ ዓለም የሚያውቃት ወደብ። በዲሴምበር መጀመሪያ ባለ መስመር ጉርድ የለበሱ ወንዶችና የስኮትላንድ ዋሽንት ነፊዎች በአሮጌው ከተማ የሚሰለፉትም ይህንኑ የስኮትላንድ መነሻዋን ለማሰብ ነው። ሌላዋ የዋሽንግተን ጎረቤት ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ከ2012 ጀምሮ እህት ያደረጋት ጎንደርን ነው።

አንዷ የዳንዲ እህት፣ ሌላዋ የጎንደር እህት። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በመኪና ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

አሁን ከማርማላታው ጋር ወደሚቀርበው ሻይ እንግባ።

በአሌክሳንድሪያ አድራሻ የሚገኘውን ግሪን ስፕሪንግ ጋርደንስን ያውቁታል? የፌርፋክስ ካውንቲ ፓርክ ነው፤ ኩሬዎች፣ የአትክልት መደቦችና በ1780ዎቹ የተሠራ የጡብ ቤት አለው። በዚያ አሮጌ ቤት ውስጥ በተወሰኑ ቀናት አስቀድሞ ለተመዘገበ እንግዳ የከሰዓት ሻይ ይቀርባል፤ ከሻይው ጋር ስኮን፣ ቀጫጭን ሳንድዊችና ጣፋጭ ይመጣል። በስኮትላንድ ገጠር በሐይቅ ዳር ሻይ ቤት ተቀምጦ ስኮን መቁረስ የሚያምረው ሰው ሁሉ የአውሮፕላን ትኬት መግዛት የለበትም። ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት የአሌክሳንድሪያ ምዕራባዊ ክፍል ፓርኩ ቅርብ ነው። በአጠገቡ የሚያልፈው ብራዶክ ሮድ የሚጠራበት ጄኔራል ብራዶክም በ1755 ከቅኝ ግዛቶቹ ገዥዎች ጋር የመከረው እዚያው ካርላይል ቤት ውስጥ ነበር።

ስኮን ማለት በዱቄት፣ በቅቤ፣ በትንሽ ስኳርና በወተት የሚጋገር ትንሽ ዳቦ ነው። እርሾ አይገባበትም። የሚያነሣው ቤኪንግ ፓውደር ነው። እንጀራ ቀናት ይቦካል፣ አምባሻ ሰዓታት ይጠብቃል፤ ስኮን ግን እንግዳ በር ካንኳኳ በኋላ ተለውሶ፣ ወሬው ሳያልቅ ይደርሳል። 225 ግራም ቤኪንግ ፓውደር ያለበት ዱቄት፣ 55 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ፣ 25 ግራም ስኳርና 150 ሚሊ ሊትር ወተት ይበቃዋል። ቅቤው በጣት ከዱቄቱ ጋር ይፈተጋል፣ ወተቱ ይጨመራል፣ ሊጡ ሳይታሽ በወፍራሙ ይዳመጣል፤ ከዚያ በ220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ። ብዙ ያሹት ይጠነክራል፤ ምስጢሩ እጅን መሰብሰብ ነው። በወተቱ ፋንታ አሬራ ቢገባ የበለጠ ይለሰልሳል፣ ምክንያቱም የአሬራው ኮምጣጣነት በቤኪንግ ፓውደሩ ውስጥ ካለው ቤኪንግ ሶዳ ጋር ሲገናኝ ጋዝ ይፈጥራል። የተፈጨ ኮረሪማ ቢነሰንሱበት ደግሞ ከሻይ በቅመም ጋር እንዴት እንደሚስማማ ቀምሰው ይፍረዱ።

ዛሬ በምድጃ የሚጋገረው ስኮን ጥንት በምጣድ ይጋገር እንደነበር ያውቁ ኖሯል? የድሮው የስኮትላንድ ስኮን ከአጃ ወይም ከገብስ የሚሠራ ሰፊና ጠፍጣፋ ቂጣ ነበር። በእሳት ላይ በተሰቀለ ክብ የብረት ምጣድ ተጋግሮ እንደ መስቀል ከአራት ይቆረስ ነበር። በገብስ ቂጣ ያደገ የሰሜን ሸዋ ወይም የጎጃም ሰው ያንን ገበታ ቢያይ እንግድነት አይሰማውም ነበር።

ስለ ምጣድ ከተነሣ አይቀር፣ በአሜሪካ ስደታችን የመጀመሪያዎቹ ዘመናት ብዙ እናቶቻችን እንጀራ የጋገሩት በኖርዌጂያውያን ምጣድ ነው። ወደ አሜሪካ የፈለሱ ኖርዌጂያውያን ሌፍሳ የሚሉትን የድንች ቂጣ የሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ አላቸው። ወርዱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በአዮዋ ግዛት የሚሠራው ቤታኒ የተባለው ምጣድ በብዙ ሐበሻ ቤቶች ይታወቃል። ጤፉንም አይዳሆ ውስጥ ያስፋፋው በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ የተመለሰ አሜሪካዊ ነው። በሰው አገር የበሰለው እንጀራ እንዲህ ብዙ እጅ አለበት፤ የእያንዳንዱም ውለታ ሊታወስ ይገባል።

ሻይ ቤት የሚባለው ነገር በስኮትላንድ የተስፋፋው በሴት እጅ መሆኑንስ? በግላስጎው ከተማ በ1875 ስቱዋርት ክራንስተን የተባለ የሻይ ነጋዴ ደንበኞቹ ተቀምጠው እንዲጠጡ ጠረጴዛ አወጣ። ንግዱን ለዝና ያበቃችው ግን እህቱ ካትሪን ናት። በ1878 የራሷን ከፈተች፤ በ1903 ደግሞ በሳኪሆል ጎዳና ላይ ዊሎው የተባለውን ሻይ ቤት በታላቁ አርክቴክት በቻርለስ ሬኒ ማኪንቶሽ አሠራች። ከወንበሩ እስከ መስኮቱ የእርሱ ንድፍ ነው፤ ታድሶ በ2018 እንደገና ተከፍቷል። ያ ዘመን የአልኮል መጠጥን የሚቃወም እንቅስቃሴ የበረታበት፣ ጨዋ ሴት ብቻዋን የምትቀመጥበት ቦታ በከተማ ውስጥ የጠፋበት ዘመን ነበር። ሻይ ቤቱ ያንን ቦታ ሰጣት። ለእኔ የሻይ ቤት ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው፤ ስኮኑና ማርማላታው ተከትሎ የመጣ ነው።

እዚህም የሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1978 ዋሽንግተን ላይ የተከፈተው ማማ ደስታ፣ ከከተማዋ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አንዱ፣ የሚጠራው በሴት ወጥ ሠሪዋ ስም ነበር። በሲልቨር ስፕሪንግ ቦኒፋንት ጎዳና ላይ በ1996 ከፋ ካፌን የከፈቱት ሁለት ኢትዮጵያውያን እህትማማቾች ናቸው፤ ስሙንም ያወጡት በቡና አገር በከፋ ነው። ያን ጊዜ የሲልቨር ስፕሪንግ መሀል ከተማ እንደ ዛሬው አልደመቀም ነበር። ዛሬ ሰፈሩን ትንሿ ኢትዮጵያ እያለ የሚጠራ ሁሉ በባዶ ጎዳና ላይ ማለዳ በር የከፈቱ ሴቶችን ማስታወስ ይኖርበታል።

የሲልቨር ስፕሪንግ ስም የመጣው ከአንዲት ምንጭ ነው። ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የተባለ የጋዜጣ ሰው በ1840 በዚያ ሲያልፍ ውሃው ውስጥ የሚያብረቀርቅ ነገር አየ። ብር ሳይሆን ማይካ የተባለው ማዕድን ነበር። ቦታው ዛሬ ኤኮርን ፓርክ ይባላል፤ የዛፍ ፍሬ ቅርጽ ያላት ትንሽ የእንጨት ማረፊያም አለችው። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ አገር መሪዎችን የሚያሳርፍበት ብሌር ሐውስም የሚጠራው በእርሱው ቤተሰብ ስም ነው።

ያውቁ ኖሯል? የዓለምን ሻይ ወደ ገበያ ካወጡት ሰዎች ብዙዎቹ ስኮትላንዳውያን ናቸው። ሻይን ከቻይና በድብቅ ወደ ሕንድ ያሻገረው ሮበርት ፎርቹን፣ በስሪላንካ በ1867 የመጀመሪያውን የሻይ እርሻ ለንግድ የተከለው ጄምስ ቴይለር፣ በቢጫ ካርቶን የምናውቀው የሊፕተን ባለቤት ቶማስ ሊፕተን፣ ሁሉም የስኮትላንድ ልጆች ናቸው። ሊፕተን ግላስጎው ውስጥ በ1848 ከድሆች ቤት ተወልዶ በ1871 አንዲት ሱቅ ከፈተ፤ በ1890 ስሪላንካ ሄዶ የሻይ እርሻ ገዛ።

ስሪላንካ ግን ከሻይ በፊት የቡና አገር ነበረች። በ1869 ቅጠልን እንደ ዝገት የሚያበላሽ በሽታ ገብቶ በሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ውስጥ ቡናዋን አጠፋው። ከአንድ ወገን የመጣ፣ እርስ በርሱ የሚመሳሰል ተክል ስለነበር የሚቋቋም አልተገኘም፤ ገበሬውም ወደ ሻይ ዞረ። የስሪላንካ ሻይ ታሪክ ከቡና በሽታ ጋር እንዲህ የተያያዘ ነው። የአረቢካ ቡና መገኛ በሆነችው በኢትዮጵያ ጫካዎች ውስጥ ያለው የቡና ዘር ግን እጅግ የተለያየ ነው፤ በሽታን የሚቋቋም ዝርያ ሲፈለግ የዓለም ተመራማሪዎች የሚመጡትም ወደዚያ ነው። የከፋ ጫካ በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው በዚህ ሀብቱ ነው። በዚያው በከፋ ዞን ውሽውሽ ላይ ደግሞ የሻይ እርሻ አለን፤ ጎሬ አጠገብ ካለው ከጉማሮ ጋር ሆኖ የአገር ቤቱን ሻይ ያመርታል።

አንድ ስኮትላንዳዊ ጎንደር ገብቶ እንደነበር ብዙ አንባቢ ያውቃል። ጄምስ ብሩስ ይባላል። በ1769 በምጽዋ ገብቶ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ደረሰ፤ በሕክምና ዕውቀቱ በእቴጌ ምንትዋብ ቤት ተወደደ፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ግሽ ዓባይ ላይ ቆሞ ከምንጩ ውሃ በኮኮናት ቅል ቀድቶ ለአገሩ ንጉሥ ጤና ጠጣ። ምንጩን በማየት ቀዳሚ ነኝ ቢልም የኢየሱሳውያን ሚስዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ደርሶበት ነበር፤ የአካባቢው ሰው ደግሞ ከሁለቱም በፊት ከምንጩ ሲጠጣ ኖሯል። ብሩስ አገሩ ሲመለስ ያየውን ሲናገር ብዙ ሰው አላመነውም፤ አምስት ቅጽ መጽሐፉን ያሳተመው ከብዙ ዓመት በኋላ በ1790 ነው። ከኢትዮጵያ ይዟቸው ከወጣቸው ብራናዎች መካከል በግዕዝ ብቻ ሙሉውን ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ ይገኝበታል።

ከስኮትላንድ የተመለሰልንም አለ። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ታቦት በ2001 ኤድንበራ ውስጥ በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኘ። ያገኙት ቄስ ምንነቱን ስላወቁ አልደበቁትም። በ2002 አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ በእልልታ ተቀብሎታል። ከሌሎቹ ታቦታት ብዙዎቹ ዛሬም እንግሊዝ ውስጥ ናቸው። ኤድንበራ ያሳየችው ቅንነት ለሌሎቹም ምሳሌ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ሁለቱ አገሮች ሐይቆች ደግሞ እነዚህን ይያዙ። በስፋት የብሪታንያ ትልቁ ሐይቅ ሎክ ሎሞንድ 71 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ጣና ወደ 3,000 ይደርሳል። በጥልቀት ግን ሎክ ኔስ 230 ሜትር ገደማ ሲወርድ የጣና ጥልቀት ከ15 ሜትር አይበልጥም። የጣና ውሃ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የብሪታንያ ከፍተኛ ተራራ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነውና፣ በታንኳ ጣና ላይ የሚቀዝፍ ዓሣ አጥማጅ ከስኮትላንድ ተራሮች ሁሉ አናት በላይ ነው።

ይህ ከፍታ ስኒዎ ድረስ ይደርሳል። ባሕር ዳር ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ አዲስ አበባ 92 ላይ። አሌክሳንድሪያ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ስላላለች ውሃዋ 100 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ የሻይ ቅጠሉ እዚህ ቶሎ ይለቃል፤ አገር ቤት በለመዱት ልክ ካፈሉት ይመርራል። ቅርንፉዱን፣ ቀረፋውንና ሄሉን ቀድመው አፍልተው ቅጠሉን መጨረሻ ላይ ይጨምሩ።

የሐይቅ ዳር ቡና የሚፈልግ ሰው ደግሞ የዘጌን ልሳነ ምድር ይወቅ። ከባሕር ዳር በጀልባ ይደረስበታል፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን የመሳሰሉ ገዳማት በጫካው መካከል አሉ፤ በጥላው ሥር በብዛት ያለው ቡና ነው። በቆየው ልማድ በዘጌ መሬት አይታረስም፣ ከብትም አይረባም። ትውፊቱ ቡናውን ከአቡነ በትረ ማርያም በረከት ጋር ያያይዘዋል። ጫካው እስከ ዛሬ የቆየው በዚያ ልማድ ምክንያት ነው፤ ማረሻ ቢገባበት ኖሮ እንደ ሌላው የሐይቁ ዳርቻ በተራቆተ ነበር። በሃይማኖት ሥርዓት የተጠበቀ የቡና ጫካ ያላት አገር፣ ምእመናኗ ለረጅም ዘመን ቡናን ይሸሹ እንደነበርና በከተማው ክርስቲያን ዘንድ የተስፋፋውም በአብዛኛው ከምኒልክ ዘመን ወዲህ መሆኑን ሲያስቡት ነገሩ ይደንቃል።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ይህ ነው። በአሌክሳንድሪያ፣ በዚያው በጆን ካርላይል ስም በሚጠራው ሰፈር፣ የአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ጽሕፈት ቤት ዋና መሥሪያ ቤት አለ። ብዙ ሐበሻ በየቀኑ ሰው ጭኖ በበሩ ያልፋል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉት የቡና ስሞች የአገሪቱ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ ማመልከቻ ያስገባው ለዚህ ጽሕፈት ቤት ነው። ስታርባክስ ሲዳሞ የሚል ስም ያለበት ምልክት ለማስመዝገብ ከዚያ በፊት በ2004 አመልክቶ ነበር። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ይርጋጨፌ በ2006 ሲያልፍ ሲዳሞና ሐረር የተለመዱ የቡና መጠሪያዎች ናቸው ተብለው መጀመሪያ ላይ ውድቅ ተደረጉ። ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ፣ የዋሽንግተን ጠበቆች በነፃ ተሟገቱ፣ ነገሩም የዓለም ጋዜጦች ርዕስ ሆነ። በጁን 2007 ስታርባክስና ኢትዮጵያ ስምምነት ተፈራረሙ፤ ኩባንያው ስሞቹን ለመጠቀም የፈቃድ ውል ተቀበለ። የቀሩት ሁለቱ ስሞችም ቆይተው ተመዘገቡ። ድሃ ገበሬ የሚለቅመው ቡና ስሙ የማን ነው የሚለው ክርክር የተካሄደው በእኛው ሰፈር ነበር።

የአሌክሳንድሪያ የስኮትላንድ ነጋዴዎች ታሪክ ሲነሣ መታለፍ የሌለበት አንድ ቦታም አለ። እነዚያ ነጋዴዎች ወደ ግላስጎው የላኩት ትምባሆ የበቀለው በባርነት በተያዙ አፍሪካውያን ጉልበት ነው። በዱክ ጎዳና 1315 ቁጥር ላይ ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባሉት ነጋዴዎች ከ1828 እስከ 1836 በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ወደ ደቡብ ሸጠዋል። ቤቱ ዛሬ ፍሪደም ሐውስ የተባለ ሙዚየም ነው። ልጆቻችን የሚኖሩባትን ከተማ ሙሉ ታሪክ እንዲያውቁ ወደዚያ መውሰድ የእኛ የወላጆች ድርሻ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ቅዳሜ ይመድቡ። ጠዋት ዱክ ጎዳና ሙዚየሙን፣ ከዚያ የካርላይልን ቤት ይጎብኙ፤ የግሪን ስፕሪንግ ሻይ ቀን ከሆነ አስቀድመው ተመዝግበው ስኮኑን ይቅመሱ። ሻይ ቀን ካልሆነ በፔርሙዝ ሻይ፣ በዕቃ አምባሻ ይዘው ፖቶማክ ዳር ፋውንደርስ ፓርክ ይቀመጡ። ማምሻውን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተሻግረው እህቶቻችን በከፈቷቸው ቡና ቤቶች ይግቡ፤ ከረጢቱ ላይ ሲዳሞ፣ ሐረር ወይም ይርጋጨፌ የሚለውን ስም ፈልገው ያንን ይግዙ። ልጆችዎ ያ ስም እንዴት እንደተመዘገበ ሲጠይቁዎት መልሱን ከእርስዎ አፍ ይስሙት።